ከፍለው የገዙት፣ ቁልፉን ግን ያልተረከቡት ንብረት

አንድ አርሶ አደር ከገበያ በሬ ገዛ እንበል። ዋጋውን ቆጥሮ ከፈለ፤ በሬውንም ነድቶ ወደ ቤቱ ገባ። ይሁንና ሻጩ በውሉ ላይ አንድ ነገር አስገብቷል። በሬው በተጠመደ ቁጥር ወደ ሻጩ ቤት ሰው ተልኮ «ዛሬ ልረስበት ወይ?» ተብሎ ፈቃድ ይጠየቃል። ሻጩ ከቤቱ ከሌለ የዚያን ዕለት እርሻ የለም። ንግዱን የተወ ዕለት ደግሞ በሬው ከበረት ቆሞ ይቀራል።

እንዲህ ያለውን ውል የሚቀበል ገበሬ ያለ አይመስለንም። በኮምፒውተር ጨዋታ ገበያ ግን ከሃያ ዓመታት በላይ ሲሠራበት የቆየው ውል ይኸው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቅጂ ፍራቻ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ ለመሥራት ብዙ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለመቅዳት ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ አምራቾች ከጥንት ጀምሮ መቆለፊያ ሲፈልጉ ኖረዋል። በቀደመው ዘመን ተጫዋቹ ከጨዋታው ጋር የተሸጠለትን መጽሐፍ ገልጦ በተጠየቀው ገጽ ላይ ያለውን ቃል ካልጻፈ ጨዋታው አይከፈትለትም ነበር። ቀጥሎ ሲዲው ከማጫወቻው ውስጥ ካልገባ አልከፍትም የሚል መቆለፊያ መጣ። እነዚህ ቢያስቸግሩም ቁልፉ በገዢው እጅ ነበር። በዛሬው ዘመን መቆለፊያው «የዲጂታል መብት አስተዳደር» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዲአርኤም። ትልቁ ልዩነት ቁልፉ ከገዢው ቤት ወጥቶ ባሕር ማዶ ባለ የኩባንያው ሰርቨር ውስጥ መቀመጡ ነው።

መቆለፊያውን የሚጠብቀው ዘበኛ ደግሞ ላውንቸር ወይም ማስጀመሪያ የሚባለው መተግበሪያ ነው። የአሜሪካው ቫልቭ ኩባንያ ስቲም የተባለውን መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 አወጣ። በዓመቱ «ሃፍ ላይፍ 2» የተሰኘውን ጨዋታ ለገበያ ሲያቀርብ ሲዲውን ከሱቅ ገዝቶ የመጣ ሰው ሳይቀር ስቲምን ጭኖ፣ አካውንት ከፍቶ፣ በበይነ መረብ ፈቃድ እንዲያገኝ ግድ ሆነ። ሌሎቹም መንገዱን ተከተሉ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ፣ ዩቢሶፍት፣ ሮክስታር፣ ኤፒክ ሁሉም የየራሳቸውን ዘበኛ አቆሙ። ዛሬ አንድ ሰው የዩቢሶፍትን ጨዋታ ከስቲም ቢገዛ መጀመሪያ ስቲም ይከፈታል። ስቲም የዩቢሶፍትን ማስጀመሪያ ይቀሰቅሳል፤ እርሱም ሌላ አካውንትና ሌላ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ አንዳንዴም «መጀመሪያ ልታደስ» ብሎ ያስጠብቃል። በአንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ማለት ነው።

ዘበኛው ሲታመም የሚሆነውም በተደጋጋሚ ታይቷል። «ሲም ሲቲ» የተባለው ከተማ የመገንባት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ሲወጣ ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ሁልጊዜ እንዲገናኝ ተደርጎ ነበር። ሰርቨሮቹ በገዢው ብዛት ተጨናነቁ፤ ሙሉ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ለቀናት ደጅ ጠኑ። ጨዋታው ያለ ሰርቨር አይሠራም ቢባልም አንድ ተጫዋች ፕሮግራሙን ነካክቶ ያለ ግንኙነት ማሠራት እንደሚቻል አሳየ። ኩባንያው ራሱም በዓመቱ ያለ በይነ መረብ የሚሠራበትን አማራጭ ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ደግሞ የሮክስታር ማስጀመሪያ ከአንድ ቀን በላይ ተቋርጦ፣ ከዓመታት በፊት የተገዙ ጨዋታዎች ሁሉ አብረው ተዘጉ።

ከእነዚህ ሁሉ የባሰው ግን «ዘ ክሩ» በተባለው የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ላይ የደረሰው ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2014 በዩቢሶፍት ተሽጧል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ሲዘጋ ከሌሎች ጋር የሚደረገው ውድድር ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ለብቻው የሚነዳበት ክፍል ጭምር ሞተ። ሲዲውን በመደርደሪያው ላይ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ በእጁ ያለው የማይከፈት ፕላስቲክ ነው። ይህ የቀሰቀሰው ቁጣ «ጨዋታ መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ ወለደ። ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው የዜጎች አቤቱታም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰበ። ጠያቂዎቹ ኩባንያ ሰርቨር ለዘላለም ያንቀሳቅስ አላሉም። የሚሉት፣ አገልግሎቱ ሲዘጋ የተሸጠው ዕቃ በገዢው እጅ ሊሠራ በሚችል ሁኔታ ይተውልን ነው። ጥያቄው ለእኛም ምክንያታዊ ሆኖ ታይቶናል።

ጉዳዩ ወደ አገራችንም የሚደርስበት መንገድ አለ። «ሄልዳይቨርስ 2» የተሰኘው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2024 ወጥቶ በስቲም በኩል በብዙ አገሮች ተሸጠ። በሜይ ወር መጀመሪያ ላይ አሳታሚው ሶኒ፣ በኮምፒውተር የሚጫወቱት ሁሉ ከራሱ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ጋር እንዲተሳሰሩ ግዴታ እንደሚጥል አስታወቀ። ግዴታው ቀድሞም የተጻፈ ነበር፤ ሥራ ላይ ግን አልዋለም ነበር። ችግሩ ይህ አካውንት የሚሰጠው በተወሰኑ አገሮች ብቻ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። በእነዚህ አገሮች ገንዘቡን ከፍሎ ለወራት ሲጫወት የቆየ ሰው በሕጋዊ መንገድ ሊከፍተው የማይችለውን አካውንት ክፈት ተባለ። ተጫዋቾች በስቲም ገጽ ላይ ከ200 ሺህ በላይ የተቃውሞ አስተያየት ጻፉ። ሶኒም በቀናት ውስጥ ግዴታውን አነሣ። የጨዋታው ሽያጭ ግን በእነዚያ አገሮች ወዲያው አልተመለሰም።

በእኛ ከተሞች ኑሮ ሲታይ ነገሩ ሌላ ገጽታም አለው። መብራት በሚቆራረጥበትና የኢንተርኔት ጥቅል በሚቆጠርበት ቦታ «ሁልጊዜ ተገናኝ» የሚል ጨዋታ ሁልጊዜ የሚሠራ ጨዋታ አይደለም። አንዳንዱ ጨዋታ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። ማስጀመሪያው ማሻሻያ ካላወረድክ አልከፍትም ሲል የሚያልቀው ጥቅል የተጫዋቹ ነው። ከዚህም የሚገርመው፣ ፍላሽ ይዞ ወደ ሱቅ ሄዶ የተሰበረ ቅጂ የሚያስጭነው ወጣት ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹን አያውቃቸውም። መቆለፊያው ተሰብሮ ስለሚመጣለት ዘበኛም ሰርቨርም አይጠይቀውም። መቆለፊያው የሚያስቸግረው ገንዘቡን የከፈለውን ነው።

ይህን ስንል ቅጂውን ማጽደቃችን አይደለም። በአገራችን የሙዚቃ ባለሙያዎች ሥራቸው በየሱቁ እየተቀዳ ምን ያህል እንደተጎዱ ሕዝቡ ያውቃል፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የወጣው የፈጠራ ባለቤት እንዲጠበቅ ነው። አምራቾችም፣ ጨዋታ በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት መቆለፊያው ገቢያቸውን ይጠብቃል ብለው ይሟገታሉ። ነገር ግን ያለ መቆለፊያ ሽያጭ አይኖርም የሚለው አባባል እውነት አይደለም። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት «ዘ ዊቸር 3»ን እ.ኤ.አ. በ2015 በኮምፒውተር ያለ ዲአርኤም ሸጦ፣ በሁሉም መሣሪያዎች የተሸጠው ቅጂ እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ድረስ 50 ሚሊዮን ደርሷል።

ጨዋታ ለማይጫወት አንባቢ ይህ ሁሉ የልጆች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ያው ውል ወደ እርሻ መሣሪያም ገብቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ ዲጂታል መቆለፊያን መስበር ከልክሏል። ትራክተር በኮምፒውተር መታዘዝ ሲጀምር የሞተሩ ፕሮግራምም ተቆለፈ። ታዋቂው የትራክተር አምራች ጆን ዲር እ.ኤ.አ. በ2015 ለአሜሪካ የቅጅ መብት መሥሪያ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ፣ ገበሬው በትራክተሩ ውስጥ ባለው ፕሮግራም የመጠቀም ፈቃድ እንጂ የፕሮግራሙ ባለቤትነት የለውም የሚል ክርክር አቀረበ። በዚያው ዓመት ባለቤቶች ለጥገና ሲሉ መቆለፊያውን እንዲከፍቱ ልዩ ፈቃድ ተሰጠ። ሆኖም በመኸር መካከል ኮምባይነሩ ቆሞበት፣ ብልሽቱን የሚያነብብ ፕሮግራም ያለው የኩባንያ ባለሙያ እስኪመጣ የሚጠብቅ ገበሬ እሮሮው አልቆመም። የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ለእርሻ መሣሪያ የመጠገን መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ኩባንያውን በዚሁ ጉዳይ ከሰሰ። በሬው ላይ የቀለድነው ውል በትራክተር ላይ ቀልድ አይደለም።

ሕጉም ቀስ እያለ እየተንቀሳቀሰ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ሊወሰድ የሚችልን ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ከልክላለች። ሕጉ ከመጽናቱ በፊት ስቲም በክፍያ ገጹ ላይ፣ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አስፍሯል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ጽሑፉ አዲስ ነው እንጂ ውሉ ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሊመለከቱት የሚገባ ነገር አለ። በስቲም የእያንዳንዱ ጨዋታ ገጽ ጎን ላይ ሌላ አካውንት ወይም ተጨማሪ ዲአርኤም የሚጠይቅ ከሆነ ማስታወቂያው በትንሽ ሣጥን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ሳያነብበው ያልፋል። ስቲም ያለ በይነ መረብ የሚሠራበት አማራጭ አለው፤ ግን አስቀድሞ በግንኙነት መግባትና ጨዋታውን አንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ መብራትና ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ ማሰብ ዋጋ የለውም። ጂኦጂ የተባለው መደብር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ መቆለፊያ ይሸጣል። የመጫኛውን ፋይል አንድ ጊዜ አውርደው በሃርድ ዲስክ ካስቀመጡት፣ መደብሩ ነገ ቢዘጋ እንኳ ጨዋታው ይጫናል፤ ማስጀመሪያ መጫንም ግዴታ አይደለም። ሁሉም ጨዋታ ግን እዚያ አይገኝም፤ በተለይ አዲስ የሚወጡት ትልልቆቹ።