ውኃ የሚቀዱት ከየት ነበር?

የአረጋውያንን የሕይወት ታሪክ እየቀዳሁ ለቤተሰብ በመጽሐፍ ማዘጋጀት እንጀራዬ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም ኑሯቸው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ነው። የሚይዙልኝ የጥያቄ ዝርዝር ይመሳሰላል፦ መቼ ተወለዱ፣ መቼ አገቡ፣ አያት ቅድመ አያታቸው ማን ይባላሉ። ነውር የለውም። ግን በዚህ የተጀመረ ጨዋታ ቶሎ ይደርቃል። የገጠር ልደት መዝገብ ላይ አይሰፍርም ነበር፤ ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው «ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» እያለ ነው። ዓመተ ምሕረት አምጣ ሲባል ይጨነቃል።

ሌላም እንቅፋት አለ። ታሪክ የሚጻፈው ለሹም ነው የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ስመ ጥር የሆኑት የአማርኛ ትዝታዎች፣ እንደ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «ኦቶባዮግራፊ» እና እንደ ልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» ያሉት፣ ቤተ መንግሥቱን በቅርብ ያዩ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው ዘጌ ተወልደው ባሕር ዳር ያረጁ አንዲት እናትም «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ ልጄ?» አሉኝ።

ወረቀት ዘረጋሁና «እማማ፣ ቤታችሁ እዚህ ጋ ቢሆን ውኃ የሚቀዱት ከየት ነበር?» አልኳቸው። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ከጓሮ ተነሡ፤ በቡናው መካከል ቁልቁል ወረዱ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። እንስራው የተሰበረው እዚያ ነው፤ እናታቸው ግን አልተቆጧቸውም። ለምን አልተቆጡም? ያን ሰሞን አባትየው ማገዶ ጭነው በታንኳ ባሕር ዳር እንደወረዱ ማዕበል አግቷቸው ሳይመለሱ አድረው ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ስለ እንስራ የሚያስብ አልነበረም። ልጃቸው አጠገባችን ተቀምጧል። የዚያን ሌሊት ታሪክ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

አገሩን ካላወቁ ታሪኩም ይበላሻል። ዘጌ በሬ አይጠመድም፤ ልማዱ ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ተቀበሉት ከሚባለው ቃል ኪዳን ጋር ተያይዞ የቆየ ነው። ሰው የሚያድረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው፤ ጫካውም የተረፈው በዚሁ ነው። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ «አባቴ ገበሬ ነበሩ» የሚል ቃል ሲያገኝ ሞፈርና ቀንበር ይጨምርበታል። ከዚያ የሌላ ሰው አባት ሆኑ ማለት ነው። ልጆች «ስለ ተፈጥሮው አታብዛ፣ ስለ እናታችን ጻፍ» ሲሉኝ የማልስማማው ለዚህ ነው። እናትየው ያደጉት ጫካው ውስጥ ነው፤ ድህነቱንም ጥጋቡንም የወሰነው እሱ ነው።

አረጋውያኑ ጉልበት ካላቸው ቦታው ድረስ ይዘናቸው እንሄዳለን። ወደ ዘጌ ከሆነ በጠዋት ጀልባ፤ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የተንጣለለ ውኃ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ሰውም ይንገላታል፣ ድምፅም አይቀዳም። መኪና ከሆነ አዛውንቱ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ማየትና መጠቆም ያለባቸው እሳቸው ናቸው። የምንቀዳበት ስልክ ገና ከቤት ሲወጣ ይከፈት፤ ትልቁ ወሬ መንገድ ላይ ነው የሚመጣው። የጅረቱን፣ የመስኩን፣ የዋርካውን ስም እንደጠሩት ጻፉ። ካርታ ላይ የለም፤ እነሱ ጋ ብቻ ነው ያለው። ዘመኑ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው አይቅር፤ ውጭ ያደጉ የልጅ ልጆች በሰባትና ስምንት ዓመት ስተው አያታቸውን ሳይወለዱ ያጋቧቸዋል።

ከባዱ ነገር አገሩ ተለውጦ ሲገኝ ነው። በጢስ ዓባይ አካባቢ ያደጉ አንድ አባት የዓባይን ፏፏቴ የነገሩኝ በጆሮ ነው፦ ሌሊት ድምፁን እየሰሙ ይተኙ ነበር፣ ርጥበቱ ከብት ጠባቂን ያበሰብስ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ብዙው ውኃ ወደ ተርባይኑ ስለሚጠለፍ፣ ገደሉ በበጋ ገላጣ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ስንደርስም እንዲያው ነበር። አዛውንቱ ዝም ብለው አዩና «ያየሁትን አትጠራጠር» አሉኝ። ልጃቸው የድሮውን የሚመስል ያማረ የክረምት ፎቶ ፈልገን እናስገባ አለ። አልተስማማሁም። የአባትየው ቃል ሳይቀነስ ገባ፤ ከሥሩ እኛ ያነሣነው የሚያዝያ ፎቶ ከነቀኑ ተቀመጠ፤ ውኃው የት እንደሄደም በሁለት መስመር ተጻፈ። ልጅየው መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ኋላ የክረምቱን ፎቶ እሱ ራሱ ነሐሴ ላይ ሄዶ አነሣ፤ እሱም ከነቀኑ በሚቀጥለው ገጽ ገብቷል።