ለሥራ ከትልቅ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ

በዚህ ሳምንት የምናነበው ስለ ሥራና ስለ ከተማ ነው።

ከጎረቤላና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁን ወይም ወንድሙን የሸኘ ቤት ብዙ ነው። ነገር ግን ሌላም ጉዞ አለ። አዲስ አበባ ሲሠራ የኖረ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደብረ ብርሃን ይመጣል። ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። «ከትልቁ ከተማ ወደ ትንሹ? ምን ነካው?» ይላል። እኛ አስተማሪዎቻችሁ ግን «ምንም አልነካው፤ ሂሳቡን አስልቶ ይሆናል» እንላለን። እስቲ እኛም አብረን እናስላ።

ሰው ሥራን ይከተላል

የአንኮበር ሰው ይህን ነገር ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቀዋል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እዚህ ነግሠው ኖረዋል። በ1830ዎቹ ዓ.ም. የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች አገር አቋርጠው እዚህ ድረስ መጥተዋል። በኋላ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሄዱ። እንጦጦ ብርዱ ከባድ ነው፤ እንጨቱም አለቀ። ስለዚህ ወደ ፍል ውሃው ወረዱ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። መኳንንቱም፣ ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ አንጥረኛውም ተከትሎ ሄደ። ሥራ ወደ ሄደበት ሰው ይሄዳል።

ደብረ ብርሃንም የቆየች ከተማ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የዛሬ 570 ዓመት ገደማ ከትመውባታል። በዘመናችን ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ በመካከሏ አለፈ። በ1957 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተከፈተ። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመረ። ከዚያም የቢራ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ የኢንዱስትሪ ፓርክም ተሠራ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከጎረቤላ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

የሁለቱን ከተሞች መጠን በቁጥር እንየው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ነበራት። ደብረ ብርሃን ደግሞ 65,231 ሰው ነበራት። ይህ ማለት አዲስ አበባ የደብረ ብርሃንን 42 እጥፍ ታህል ነበር።

ሂሳቡን በወረቀት እንሥራ

የሚከተለው ለትምህርት ያወጣነው ምሳሌ ነው። እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ለውጡት።

አንድ ሰው አዲስ አበባ በወር 6,000 ብር ያገኛል እንበል። ለቤት ኪራይ 2,500 ብር፣ ለታክሲና ለአውቶቡስ 900 ብር፣ ለምግብ 2,200 ብር ያወጣል። ወጪው 5,600 ብር ሆነ። በእጁ የሚቀረው 400 ብር ነው።

ሌላው ሰው ደብረ ብርሃን 5,000 ብር ያገኛል እንበል። ለኪራይ 1,200 ብር ይከፍላል። ወደ ሥራ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ስለሆነ ለመኪና 200 ብር ብቻ ያወጣል። ለምግብ 2,000 ብር ያወጣል። ወጪው 3,400 ብር ሆነ። በእጁ የሚቀረው 1,600 ብር ነው።

አያችሁ? ደመወዙ ያነሰው ሰው የበለጠ ቆጠበ። እንግዲህ ስለ ሥራ ስንጠይቅ «ስንት ይከፈላል?» ብለን ብቻ አንለፍ። «ስንት ይተርፋል?» ብለንም እንጠይቅ።

ይህ ሲባል ትንሽ ከተማ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ትንሽ ከተማ ውስጥ የሥራው ዓይነት ጥቂት ነው። አንዱ ፋብሪካ ሠራተኛ ቢቀንስ ሌላ ቶሎ አይገኝም። ብዙ ሰው ሲገባም የቤት ኪራይ ይወደዳል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለቆላ ሰው ጋቢ ሳይገዛ የሚሆን አይደለም። ይህም ከሂሳቡ ይግባ።

ጎረቤትም ከሂሳቡ ይገባል

በወረቀት የማይጻፍ ሀብትም አለ። እርሱም ሰው ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። አዲስ አበባ ደግ ሰው የለም አላልንም፤ እዚያም እድር አለ፣ እዚያም ቡና ይጠጣል። ነገር ግን በትልቅ ከተማ ሠራተኛው በማለዳ ወጥቶ በምሽት ይገባል። የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመት ይሞላዋል። በትንሽ ከተማ ያው ሰው በወፍጮ ቤትም፣ በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያንም ይገናኛል። ሲታመም «የት ጠፋ?» የሚል አለ።

እኛም ከአዲስ አበባ ጎረቤላ ስንመጣ ማንንም አናውቅም ነበር። ሳምንት ሳይሞላን ቡና ተጠራን። እናቶች «ልጆቼ፣ ብርዱን ቻላችሁት?» እያሉ ጠየቁን። ይህ ለሥራችን ትልቅ ብርታት ሆነን።

ታዲያ ወዳጅነት በአንድ ወገን አይቆምም። አዲስ የመጣ ሰው እድር ይግባ፤ ለቅሶ ይድረስ፤ የታመመ ይጠይቅ። ነባሩም «መጤ» ብሎ አይራቀው። የእናንተ ልጅም ሌላ ቦታ እንግዳ ነውና።

ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ

ድሮ ብዙ ሰው ወረቀት ሲቀርብለት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትም ነበር። ምን እንደተጻፈ አያውቅም። ዛሬ እናንተ ታነባላችሁ። የሥራ ውል ሲሰጣችሁ አራት ነገር ፈልጉ፤ እነርሱም የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙ፣ የሥራው ቦታና ውሉ የሚቆይበት ጊዜ ናቸው።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ አሠሪና ሠራተኛ የወጣ ነው። በዚህ ሕግ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሠራ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባዋል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

ፊደል የቆጠረ ሰው «አንብቤ ልፈርም» ቢል ነውር የለበትም። ያልገባችሁ ቃል ካለ ጠይቁ። ልጆቻችሁ ከሩቅ ውል ቢልኩላችሁም አብራችሁ አንብቡ። የላብ ዋጋ የሚጠበቀው እንዲህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምሳሌው ውስጥ ሁለቱ ሰዎች በ12 ወር ስንት ስንት ብር ይቆጥባሉ?
2. ከቤተሰባችሁ ለሥራ የሄደ ሰው አለ? በወር ስንት ይተርፈዋል? ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቁት።
3. ወደ መንደራችን አዲስ ሰው ለሥራ ቢመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እናድርግለት?