ውኃውን የሚቆጥረው ኩላሊት ነው

«በቀን ቢያንስ 8 ብርጭቆ ውኃ ጠጡ» የሚለው ምክር በቅንነት የሚነገር ነው፤ ነገር ግን ለማን እንደሚነገር አይጠይቅም። ከየካ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን አቀበት እንመልከት። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ካለው ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ተራራው ላይ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች፣ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም የማይቀምሱ ምእመናን፣ ከኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚጠጡ ሕሙማንም አሉ። አንዱ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ሌላው ውሎውን ጉሮሮውን አያርስም፣ ሌላው በአንድ ጠዋት ከወትሮው እጅግ የበለጠ ይጠጣል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ የብርጭቆ ቁጥር ማውጣት አይቻልም። ጤናማ ኩላሊት ላለው ሰው ደግሞ አያስፈልግም፤ ሒሳቡን የሚይዘው ኩላሊቱ ነውና።

ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ይህ ሁሉ ሽንት ሆኖ ቢወጣ በደማችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በግማሽ ሰዓት ባለቀ ነበር። ከተጣራው ግን 99 በመቶው ያህል ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ሥራውን የሚሠሩት በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ያሉት አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን የሚባሉ ረቂቅ ማጣሪያዎች ናቸው። የብዙዎቹ ቱቦ ወደ ኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍል ይወርድና ታጥፎ ይመለሳል፤ በዚህ ምልልስ የውስጠኛው ክፍል ጨው ከደም ጨው እጅግ እንዲበልጥ ይደረጋል። ሽንት የሚሰበስበው የመጨረሻው ቱቦ የሚያልፈው በዚሁ ጨዋማ ክፍል መካከል ነው። ደም ትንሽ ሲወፍር አንጎል ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን ይለቃል፤ ሆርሞኑም በቱቦው ግድግዳ ላይ የውኃ መተላለፊያ በሮችን ይከፍታል። የተነሰነሰበት ጨው ከቋንጣ ውኃ እንደሚስብ ሁሉ፣ በዙሪያው ያለው ጨውም ከቱቦው ውኃውን ስቦ ለደም ይመልሰዋል፤ ሽንቱ ከደም እስከ 4 እጥፍ ይወፍራል። ውኃ ሲበዛ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ሽንቱም ከደም እስከ 6 እጥፍ ሊቀጥን ይችላል። አኳፖሪን የሚባሉትን እነዚህን በሮች ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

«ጥማት እስኪመጣ መጠበቅ መዘግየት ነው» የሚሉ አሉ። የሰውነት አሠራር የሚያሳየው ሌላ ነው። ቫሶፕሬሲን የሚለቀቀው ጥማት ከመሰማቱ በፊት ነው፤ ሰው ውኃ ባማረው ጊዜ ኩላሊቱ ቁጠባውን ጀምሯል። ጤነኛ ጿሚ እስከ 9 ሰዓት የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ሽንቱ ቢያንስና ቢጠቁር ኩላሊቱ በትክክል መሥራቱን እንጂ መታመሙን አያሳይም። ሆኖም ኩላሊት ውኃ ይቆጥባል እንጂ አይፈጥርም። ቆሻሻውን ለማስወገድ በቀን ቢያንስ ግማሽ ሊትር ያህል ሽንት ያስፈልገዋል፤ በላብና በትንፋሽ የሚወጣውንም ሊያስቀር አይችልም። ለእንጨት ተሸካሚዋ እናት የሚያስፈልጋት ስለ ብርጭቆ ብዛት የሚነገር ምክር ሳይሆን መንገዷ ላይ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከስፖርቱ ወገን ነው፤ በከፍታ ላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ ትንፋሽም ይፈጥናል፣ ስለዚህ ሯጭ ሳይጠማውም አብዝቶ ይጠጣ ይላሉ። ብዙ ውኃ መውጣቱ እውነት ነው፤ ከጥማት በላይ መጠጣት ግን ሌላ አደጋ አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን 488 ሯጮች ደማቸው ሲመረመር 13 በመቶዎቹ የሶዲየም መጠናቸው ከጤናማው በታች ወርዶ ተገኘ። ከዚህ ጋር ይበልጥ የተያያዘው በሩጫው ወቅት ክብደት መጨመር፣ ማለትም ካጡት በላይ መጠጣት ነበር። ከባድ ሩጫ ራሱ ቫሶፕሬሲን ስለሚያስለቅቅ ኩላሊት ትርፉን ውኃ ማስወጣት ይሳነዋል። ሶዲየም በጣም ሲወርድ አንጎል ያብጣል፤ ይህም ይገድላል።

ይኸው ስሌት ለጸበልተኛም ይሠራል፤ ይህን ስል እምነቱን እየነካሁ አይደለም። ጤናማ ኩላሊት እንኳ በሰዓት ሊያስወጣ የሚችለው ውኃ ከአንድ ሊትር ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ብዙ ሊትር ባንድ ጊዜ ከመጠጣት በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መጠጣት ይሻላል። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር መወሰን የለበትም።

«ኩላሊት ያውቃል» የሚለው አባባል የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ። የአረጋውያን የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ሕፃን ጠማኝ አይልም፤ ተቅማጥ የያዘው ሰው ከውኃው ጋር ጨው ስለሚያጣ ኦአርኤስ ያስፈልገዋል። የኩላሊት ጠጠር የወጣለት ሰው ቀጭን ሽንት እንዲኖረው ሳይጠማውም አዘውትሮ መጠጣት አለበት። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመና እጥበት ላይ ያሉ ሕሙማን ደግሞ ተቃራኒውን ይታዘዛሉ፤ የጠጡት መውጫ ስለሌለው ሳንባቸው ላይ ሊጠራቀም ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ለአንዳንዶቹ ተስፋ ቢሆንም፣ ለጋሽ ማግኘት ለብዙዎች ከባድ ነው።

ኩላሊት እየደከመ ሲሄድ ቀድሞ ከሚያጣቸው ችሎታዎች አንዱ ሽንትን ማወፈር ነው። ስለዚህ የጠራ ሽንት ሁልጊዜ የጤና ማስረጃ አይደለም። የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ ካለባችሁና ሌሊት ደጋግማችሁ ለሽንት መነሣት ከጀመራችሁ፣ ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ይችላልና ብርጭቆ መቁጠሩን ትታችሁ ደማችሁንና ሽንታችሁን አስመርምሩ።