ጉጥ ያለበት ዋንዛ ይጣላል?

ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ገንዘብ በሚሠሩት የሆሳዕና ቤቶች ኤምዲኤፍ የሚባለው ፋብሪካ ሠራሽ ሰሌዳ ከገባ ወዲህ ዓይናችን ልሙጥ ነገር ለምዷል። ጠረጴዛ የሚያሠራው ሁሉ «ጉጥ እንዳይኖርበት!» ይላል። አናጺውም ጉጡን በስቱኮ ደፍኖ ቫርኒሽ ያለብሰዋል።

«ጉጥ ጣውላ ያደክማል» የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። ጉጥ ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ የዋጠው ቅርንጫፍ ነው። በሕይወት ሳለ የተዋጠው ከግንዱ ጋር ተዋህዷል፤ አይላቀቅም። ደርቆ ከቆየ በኋላ የተዋጠው ግን ብዙ ጊዜ ጥቁር የቅርፊት ቀለበት ይዞ ይታያል፤ በአውራ ጣት ሲገፉት ይነቃነቃል፤ ጣውላው ሲደርቅ ወልቆ ይወድቃል። ቦታውም ይወስናል። ጠረጴዛ ፊት መሃል ላይ ያለ ጠንካራ ጉጥ ምንም አያደርግም። ወንበር እግር ላይ ከሆነ ግን የእንጨቱ ጭረት ጉጡን ዞሮ ስለሚያልፍ፣ ክብደት ሲያርፍበት መሰበር የሚጀምረው እዚያው ነው።

ደግሞስ ዋንዛ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዞ የሚያድግ ዛፍ መቼ ሆነ? በሐድያና በከምባታ ጓሮ፣ ከእንሰቱና ከቡናው መሃል፣ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ይጣመማል። የ1986ቱ የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለውን ዛፍ በአንድ ጉጥ ምክንያት ለምድጃ መስጠት ለእኔ ብክነት ነው።

«የተሰነጠቀ ጣውላ አለቀለት» የሚሉም አሉ። እንጨት በጫፉ በኩል ከጎኑ እጅግ ፈጥኖ ይደርቃል፤ መሃሉ ገና እርጥብ ሳለ ጫፉ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ ላይ ይብሳል፤ በቁሙ ሳለ ውስጡ ውጥረት ስላለ አንዳንዴ ገና እንደተቆረጠ ይተረተራል። መከላከያው እርጥቡን ጫፍ ቀለም ቀብቶ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ጥላ ውስጥ መደርደር ነው። ከደረቀ በኋላ የቀረ ስንጥቅ ካለ፣ ወገቡ የቀጠነ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ስንጥቁን አሻግሮ ይቀበርበታል። ከጃፓናውያን ወላጆች የተወለደው አሜሪካዊ ጆርጅ ናካሺማ (እ.ኤ.አ. 1905–1990) በዓለም የታወቀው ስንጥቁን ሳይደብቅ እንዲህ በማሰር ነው።

ነጭና ቡኒ የተቀላቀለበት ዋንዛም የተጭበረበረ አይደለም፤ ነጩ በዛፉ ዕድሜ ውሃ ያመላልስ የነበረው የዳር ክፍል ነው። ነቀዝ የሚቀናው ግን እሱን ነው። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ካዩ ጣውላውን መሬት ላይ ያንኳኩት፤ ትኩስ ዱቄት ካረገፈ የተፈጥሮ ውበት የሚባል ወሬ እዚያ ያበቃል፤ ከሌላው እንጨት ጋር አያስቀምጡት።