ቁጥሩ አሮጌ፣ ጥገናው አዲስ

በሬድ ሃት ሊኑክስ ላይ ስለሚሠራው ዌብ ሰርቨራችሁ የደህንነት ፍተሻ ሪፖርት «አፓቼ 2.4.6 ጊዜው ያለፈበት ነው» ቢላችሁ አትደንግጡ። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የያዘው ይህንኑ ቁጥር ነው፤ መደበኛ ድጋፉ በ2024 እስኪያበቃም አልተቀየረም። የተቀየረው ውስጡ ነው። ሬድ ሃት የደህንነት ጥገናውን ብቻ ከአዲሱ ስሪት ነጥሎ አሮጌው ላይ ይጥፈዋል። አዲስ ስሪት እንዳለ ቢመጣ ባህሪው ስለሚለወጥ በላዩ የሚሠራው ሲስተም ሊሰናከል ይችላል።

ስለዚህ፦

✔ ከ2.4.6 ቀጥሎ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ፤ ጥገና ሲጨመር የሚያድገው እሱ ነው።

✔ ሪፖርቱ የጠቀሰውን የሲቪኢ (የደህንነት ቀዳዳ መለያ) ቁጥር በፓኬጁ የለውጥ መዝገብ ውስጥ ፈልጉ። ካገኛችሁት ቀዳዳው ተደፍኗል።

✔ አዲሱን ስሪት ከኢንተርኔት አውርዳችሁ በእጅ አትጫኑ፤ ከዚያ ወዲያ ጥገናውን መከታተል የእናንተው ዕዳ ይሆናል።