ይግባኝ ልመና አይደለም

«በሕግ አምላክ» ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። አባባሉ ሕዝባችን ለሕግ ያለውን አክብሮት ያሳያል። ነገር ግን ሕግ የሚያከብር ሁሉ ሕግ የሚሰጠውን መብት ያውቃል ማለት አይደለም። ሳናውቃቸው ከሚያመልጡን መብቶች አንዱ ይግባኝ ነው። በዚህ ምንባብ ይግባኝ ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንመለከታለን።

ምሳሌያችንን ከጌዴኦ ዞን እንውሰድ። የጌዴኦ ገበሬ በዛፍ ጥላ ሥር ቡናና እንሰት ያለማል። የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ በዲላ፣ በወናጎና በይርጋ ጨፌ ብዙ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። እንበልና አንድ ገበሬ ቡናውን ሸጦ ሲመሽ ከወናጎ ገበያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለት ጎረምሶች መንገድ ላይ ያዙት። አንደኛው ዱላ አነሳበት፤ ሌላው ኪሱን ሊፈትሽ እጁን ሰደደ። ሰውየው ጮኸ፤ ጎረቤት ደረሰ፤ ጎረምሶቹ አንዲት ሳንቲም ሳይወስዱ ሮጡ። በማግስቱ አንድ ወጣት ተያዘ። ምስክር ተሰማበትና በውንብድና ሙከራ ጥፋተኛ ተብሎ የብዙ ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት።

እናቱ «ልጄ ምንም አልወሰደም እኮ! ባልተወሰደ ገንዘብ ይህን ያህል ዓመት?» ትላለች። ገበሬው ደግሞ «ጎረቤት ባይደርስልኝ ኖሮ ሞቼ ነበር» ይላል። ታዲያ ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 27 ስለ ሙከራ ይናገራል። ወንጀሉን አስቦ የጀመረ ሰው ባይፈጽመውም በሙከራ ይጠየቃል። ቅጣቱም የሚታሰበው ሊፈጽመው ላሰበው ወንጀል በተደነገገው ቅጣት ነው፤ ሆኖም ሁኔታው ሲያመዝን ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል። ስለዚህ «ምንም አልወሰደም» የሚለው ቃል ብቻውን ነፃ አያወጣም። በአንቀጽ 670 መሠረት የውንብድና ቅጣት ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በቡድን ሆኖ ወይም በመሣሪያ ከሆነ በአንቀጽ 671 ቅጣቱ እስከ 25 ዓመት ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ይግባኝ ባይ ምን ይላል? «ማሩኝ» ብሎ ማልቀስ ብቻ ይግባኝ አይሆንም። ይግባኝ ማለት የበላይ ፍርድ ቤት የበታቹን ፍርድ እንዲመረምር መጠየቅ ነው። የሚመረመሩትም በተለይ ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ድርጊቱን የፈጸመው እሱ መሆኑ በማስረጃ ተረጋግጧል ወይ? ጊዜው መሽቶ ነበር። ምስክሮቹ ፊቱን ለይተው አይተዋል ወይስ ሰው ሲሮጥ ብቻ አዩ? ወጣቱ ጌዴኡፋ ብቻ የሚያውቅ ሆኖ ክርክሩ በአማርኛ ከነበረ፣ አስተርጓሚ አግኝቷል ወይ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ እንዲመደብለት ያዛል።

ሁለተኛ፣ ለድርጊቱ የተሰጠው የወንጀል ስም ትክክል ነው ወይ? ውንብድና ማለት ስርቆት ከኃይል ወይም ከከባድ ማስፈራራት ጋር ሲሆን ነው። ኃይልም ማስፈራራትም ከሌለ ጉዳዩ የስርቆት ሙከራ ሊሆን ይችላል፤ የተራ ስርቆት ቅጣት ደግሞ ከ5 ዓመት ጽኑ እስራት አይበልጥም። ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው መንገድ ዳር ተቀምጠው ብቻ ቢገኙ ኖሮ ደግሞ ነገሩ መሰናዳት እንጂ ሙከራ ላይባል ይችል ነበር።

ሦስተኛ፣ ቅጣቱ በልኩ ተሰፍሯል ወይ? የቀድሞ መልካም ጠባይና እውነተኛ ጸጸት ቅጣት ያቀልላሉ። አንድ ማክበጃ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። ዱላው ወንጀሉን ወደ አንቀጽ 671 አሻግሮት ከሆነ፣ ዳኛው ያንኑ ዱላ ቅጣት ሲወስን እንደገና ማክበጃ ሊያደርገው አይችልም። ለዳኞች የቅጣት አወሳሰን መመሪያ መውጣቱም ተመሳሳይ ጥፋት በየፍርድ ቤቱ እጅግ የተለያየ ቅጣት እንዳያስከትል ነው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክርክሩን ከሀ ጀምሮ አይደግመውም። መዝገቡን ያነባል፤ የሁለቱን ወገን ክርክር ይሰማል፤ ካስፈለገም ተጨማሪ ማስረጃ ያዛል። ከዚያ ፍርዱን ሊያጸና፣ ቅጣቱን ሊያሻሽል ወይም ሰውየውን በነፃ ሊለቅ ይችላል። ከወረዳ ፍርድ ቤት ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከከፍተኛው ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይኬዳል። በመጨረሻው ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ ሰበር ችሎት አለ። ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ሊል እንደሚችል አንርሳ፤ ሕግ ለገበሬውም ለወጣቱም ነው።

ዋናው ነገር ጊዜ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ መጠየቁን ለማስታወቅ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 15 ቀን፣ የይግባኙን ማመልከቻ ለማቅረብ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ሰጥቷል። ስለዚህ ፍርድ በተነገረ ዕለት «የይግባኝ ቀኔ እስከ መቼ ነው?» ብሎ ሬጅስትራሩን መጠየቅ፣ የፍርዱንም ግልባጭ ማመልከት ይገባል። የታሰረ ሰው ይግባኝ ማለቱን በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማስታወቅ ይችላል። ጊዜው ከበቂ ምክንያት ያለፈበትም ምክንያቱን አስረድቶ ማስፈቀጃ ይጠይቃል።

ብዙ ቤተሰብ በጭንቅ ሰዓት የቡና ማሳውን ሸጦ «ዳኛ አውቃለሁ» ለሚል ደላላ ይሰጣል። ማሳውም ይሄዳል፤ ልጁም አይወጣም፤ 15ቱ ቀንም ያልፋል። ጠበቃ የሚቆምበት ገንዘብ የሌለው፣ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ ተከላካይ ጠበቃ በመንግሥት ወጪ እንዲቆምለት ሕገ መንግሥቱ ደንግጓል። ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማንበብ የቻለ ሰው የፍርዱን ግልባጭ ራሱ ያነባል፤ የተጻፈውን ቀን ይቆጥራል፤ ያልገባውን ይጠይቃል። ለጎረቤቱም ያነብለታል። ፊደል መቁጠራችን እንዲህ ባለው ቀን ይጠቅመናል።