ስለ ሙጫ ቅሪትና ስለ አለቃቀቁ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ የአባቴን ሬዲዮ አበላሸሁ። የጣቢያዎቹ ቁጥር በሚታይበት መስኮት ላይ ከብዙ ዓመት በፊት ተለጥፎ የነበረ ወረቀት ሲላጥ የቀረው ሙጫ አቧራ ሰብስቦ ጠቁሮ ነበር። ይህን ለማጽዳት ብዬ የእኅቴን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ነክሬ ፈተግሁት። ሙጫው በእርግጥ ለቀቀ፤ ነገር ግን መስኮቱም አብሮት ሟሙቶ እንደ ጉም ደፈረሰ። አባቴ ምንም አልተናገረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ጣቢያ የሚፈልገው በጆሮው ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ስሕተቴ ማስለቀቂያውን ከማንሣቴ በፊት ሁለት ነገር አለመጠየቄ ነበር፤ ይኸውም ሙጫው ከምን የተሠራ ነው? የተጣበቀበትስ ዕቃ ከምን የተሠራ ነው?

በቋንቋችን «ሙጫ» የሚለው ቃል ጠባያቸው የተለያየ ነገሮችን በአንድነት ይጠራል። ከቆላ ግራር የሚለቀመው ሙጫ በውሃ ይሟሟል፤ የፖስታ ቴምብርም በምራቅ ይጣበቅ የነበረው እንዲህ ባለው ሙጫ ነው። ዕጣን ግን እርሱም ከዛፍ የሚወጣ ሆኖ ሳለ በውሃ ውስጥ ቢያድር አብዛኛው ክፍሉ ሳይሟሟ ይቀራል፤ በአልኮል ግን ይለቃል። በፋብሪካ የሚሠሩት ማጣበቂያዎችም እንደዚሁ ይለያያሉ። በአንዳንድ ጠርሙስ ላይ ያለው ወረቀት የተለጠፈው ከስታርች ወይም ከወተት ፕሮቲን በተሠራ ማጣበቂያ ስለሆነ ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ብቻውን ተንሳፍፎ ይወጣል። ለዚህ መፈተግ አያስፈልግም።

ችግሩ ያለው በጣት ተጭነን ብቻ በምንለጥፈው ዓይነት ላይ ነው። ሪቻርድ ድሩ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 ለገበያ ያበቃው ግልጽ ፕላስተርና ከዚያ ወዲህ የመጡት የዋጋ ወረቀቶች ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። ይህ ማጣበቂያ አይደርቅም፤ ጠባዩ በጠጣርና በፈሳሽ መካከል ሆኖ እንደ ወፍራም ማር ይሳባል። የተሠራውም እርስ በርሳቸው ከተጠላለፉ ረጃጅም የጎማ ወይም የአክሪሊክ ሞለኪውሎች ነው። ውሃ በእነዚህ መካከል ሊገባ አይችልም፤ ቅባት ግን ይገባል፤ ገብቶም ያሳብጣቸዋል፤ ያላላቸዋልም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን «ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል» እየተባልን በቃል ያጠናነው ደንብ ለካ በእናቴ ጓዳ ይሠራ ኖሯል። እናቴ በርበሬና ቅመም ለማስቀመጥ ከምታጠራቅማቸው የማርማላታ ጠርሙሶች ላይ ሙጫውን የምታስለቅቀው በኑግ ዘይት ነው። አስቀድማ ወረቀቱን ትልጣለች፤ ዘይቱን ቀብታ ቡና እስኪፈላ ትተወዋለች፤ ከዚያም በአመድ አሽታ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበዋለች። መተዉ ዋናው ነገር ነው፤ ወዲያው የሚፈትግ ሰው ዘይቱን ያለ ጊዜው ይጠርገዋልና። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭም ሊሞኒን የሚባል ዘይት ስላለው ለዚሁ ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ዘይት ለሁሉ አይሆንም። ቀለም ባልተቀባ እንጨት፣ በቆዳና በወረቀት ላይ ሙጫውን አስለቅቆ ራሱ እድፍ ሆኖ ይቀራል። በልብስ ላይ የተጣበቀ ማስቲካ በበረዶ ሲቀዘቅዝ ጠንክሮ ይሰባበራልና በማንኪያ ጀርባ ማንሣት ይቻላል። ነጠላ ላይ የጠበጠበ ጧፍ ግን በተቃራኒው ንጹሕ ወረቀት ከላይና ከታች አድርጎ በካውያ ቢተኮስ ሰሙ ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል።

አሴቶን፣ ማለት ብዙውን ጊዜ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ በመስተዋት ላይ ጉዳት የለውም፤ ጀሪካን የሚሠራበትን ፕላስቲክም አያሟሟም። እንደ ሬዲዮው መስኮት ያለውን ጠንካራና ግልጽ ፕላስቲክ ግን ያሟሟል፤ የቁም ሣጥን ቫርኒሽም ያነሣል። ስለዚህ አንድ ጠብታ በማይታይ ቦታ አድርጎ በነጭ ጥጥ መጥረግ ይገባል፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ወይም ከተጣበቀ መተው ነው። እኔ ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ እንኳ አልወሰደብኝም ነበር፤ ግን አላደረግሁትም።

ስለ ቤንዚን አንድ ቃል ልጨምር፤ በየሰፈሩ ፍቱን ነው ሲባል እሰማለሁና። ማስለቀቁን ያስለቅቃል። ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ እየተሳበ በወዲያኛው ክፍል ካለው የከሰል ምድጃ ሊደርስ ይችላል። ላምባ ተኑ ለመቀጣጠል ብዙውን ጊዜ ከ38 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ በጨርቅ ላይ ሲሆን ግን እንደ ፋኖስ ክር ይነዳል፤ ምግብ በሚቀመጥበት ዕቃ ላይም ሽታው አይለቅም።

የሬዲዮውን መስኮት ወደ ኮሌጅ ከመመለሴ በፊት በጥርስ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ለሦስት ቀን ያህል ቀስ እያልሁ አሸሁት። በቀኝ በኩል ያሉት ቁጥሮች ይነበባሉ፤ የግራዎቹ ገና ናቸው።